የተክሉ ኃይልና የብልቃጡ ቃል

የሰው ፊት፣ ሠዓሊም ሆነ ደራሲ የአንድን ሰው ሕይወት ለማወቅ ሲሻ አስቀድሞ የሚያነበው ገጽ ነው። በግንባር ላይ የተሰመረው መስመር፣ በዐይን ጥግ የተሸበሸበው ቆዳ፣ በጉንጭ ላይ የቀረው የፀሐይ ምልክት፣ ሁሉም የሥራን፣ የሐዘንንና የሣቅን ታሪክ ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ያንኑ ፊት ይዛ የምትኖረው ሴት ገጹን የምታነበው በሌላ ዐይን ነው። ለእርስዋ የቆዳ መሳሳት የዕድሜ ምልክት ብቻ ሳይሆን፣ የሚደርቅ፣ የሚያሳክክና ሲቆስል ቶሎ የማይሽር ገላ ማለት ነው። ቆዳን የመንከባከብ ልማድ በየአገሩ ከጥንት ጀምሮ የኖረውም ስለዚህ ነው። በኢትዮጵያ ቅቤው ለጠጕር፣ እንሶስላው ለእጅና ለእግር፣ የወይባው ጢስ ለገላ ሲውል ኖሯል። ይህን ሁሉ ከንቱ መኳኳል ነው ብሎ ማቃለል የሴቶችን ኑሮ ካለማወቅ የሚመጣ ስሕተት ነው።

ዛሬ የዚያን ልማድ ቦታ በአብዛኛው የፋብሪካ ብልቃጥ ይዞታል። ከብልቃጦቹም መካከል ሃምሳ ዓመት ገደማ ለሆናቸው ሴቶች ተብለው የሚሸጡ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከቀይ ማገጥ ወይም ከሌላ ተክል በተገኘ «ዕፀዋዊ ኤስትሮጅን» የተሠሩ ክሬሞች አሉ። የእነዚህ ክሬሞች ማስታወቂያ ሁለት ተስፋዎችን በአንድ ትንፋሽ ይሰጣል። አንደኛው፣ ቅባቱ እንደ ሆርሞን ብርቱ ሆኖ የሳሳውን ቆዳ ያወፍራል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከተክል የተገኘ ስለ ሆነ ምንም ጉዳት የለውም የሚል ነው። እነዚህ ሁለት ቃላት ለየብቻቸው ሲሰሙ ደስ ያሰኛሉ፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ይጣላሉ። በሰውነት ውስጥ ሥራ የሚሠራ ነገር ሁሉ ኃይል አለውና፤ ኃይል ያለው ነገር ደግሞ ልክ ያስፈልገዋል። ጉዳዩን በሚገባ ለመመርመር ከሆርሞኑ መጀመር ይገባል።

ኤስትሮጅን በሴት የዕንቁላል ዕጢ ውስጥ በብዛት የሚመነጭ ሆርሞን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በሌላ መልክ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካውያኑ ኤድጋር አለንና ኤድዋርድ ዶይዚ በ1923 ከዕንቁላል ዕጢ የሚወጣ ፈሳሽ በእንስሳት ላይ የሚያሳየውን ሥራ ገለጹ። በ1929 ደግሞ ዶይዚ በአሜሪካ፣ አዶልፍ ቡተናንት በጀርመን፣ እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ኤስትሮን የተባለውን የሆርሞኑን አንድ ዐይነት አጣርተው አወጡ። ሆርሞኑ ማሕፀንንና ጡትን ብቻ የሚገዛ መስሎ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን አጥንትም፣ የደም ሥርም፣ ቆዳም ትእዛዙን ይቀበላሉ። ፉለር ኦልብራይት የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1941 እንደ ጻፈው፣ ከማረጥ በኋላ አጥንታቸው የሳሳ ሴቶች ቆዳቸውም አብሮ የሳሳ ነበር።

ምክንያቱም የሚከተለው ነው። የቆዳን ጥንካሬ የሚሰጠው ኮላጅን የተባለ እንደ ክር የተፈተለ ፕሮቲን ነው። ኤስትሮጅን ይህን ክር የሚሠሩትን ሕዋሳት ያተጋል፤ ውኃ አቁሮ የሚይዘውን የቆዳ ክፍልም ያበዛል። ሴት ስታርጥ ሆርሞኑ በእጅጉ ስለሚቀንስ የክሩ ሥራም አብሮ ይደክማል። በ1980ዎቹ በእንግሊዝ አገር በእነ ማርክ ብሪንካት የተደረጉ ጥናቶች፣ ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት ዓመታት ብቻ የቆዳ ኮላጅን እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አመለከቱ። እንግዲህ አንዲት ሴት «ቆዳዬ በአንድ ጊዜ ተለወጠ» ብትል የምትናገረው እውነት ነው፤ መልስ ፍለጋዋም ተገቢ ነው።

መልሱ ከተክል ዘንድ ሊገኝ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? በአውሮፓ ጨርቅ ለማቅለም ይውል ከነበረ ጄኒስታ ከተባለ ቍጥቋጦ፣ ጄኒስቲን የተባለ ንጥረ ነገር ተለይቶ የወጣው በ1899 ነበር። በዚያን ዘመን ሆርሞን የሚለው ቃል ራሱ ገና አልተፈጠረም፤ የፈለጉትም ቀለም እንጂ መድኃኒት አልነበረም። ይኸው ጄኒስቲን ዳይድዚን ከተባለው ወንድሙ ጋር በአኩሪ አተር ውስጥ በብዛት ይገኛል። ተክሉ እነዚህን ነገሮች የሚሠራው ለራሱ ኑሮ ነው። አኩሪ አተር በሥሩ በኩል ወደ አፈሩ ሲለቃቸው፣ ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ተክሉን የሚመግቡ ባክቴሪያዎችን ይጠራባቸዋል፤ ሻጋታንም ይከላከልባቸዋል። ከሴት ልጅ ሆርሞን ጋር የሚያገናኛቸው የቅርጽ መመሳሰል ነው። የጄኒስቲን የሞለኪውል ክብደት 270 ሲሆን፣ ዋነኛው የሴት ሆርሞን ኤስትራዲኦል 272 ነው። ለአንድ ጓጉንቸር የተሠራ ቁልፍ፣ ቅርጹ የቀረበ ከሆነ ሌላውንም ሊገባና በመጠኑ ሊያዞረው እንደሚችል ሁሉ፣ የተክሉ ሞለኪውልም በሰው ሕዋስ ውስጥ ለኤስትሮጅን በተዘጋጀው መቀበያ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

መቀበያው ለብዙ ዘመን አንድ ብቻ መስሎ ሲታይ ከኖረ በኋላ፣ በ1996 በስዊድን በያን ኦከ ጉስታፍሶን ቤተ ሙከራ ሁለተኛው ተገኘ፤ ቤታ የሚል ስምም ተሰጠው። ጄኒስቲን ከመጀመሪያው ይልቅ ለዚህ ለሁለተኛው የቀረበ ዝምድና አለው፤ ይህ መቀበያ ደግሞ በቆዳ ውስጥ በስፋት ይገኛል። ለክሬም ሠሪዎች ተስፋ የሰጠው ይህ ግኝት ነው። ይሁንና የተክሉ ሞለኪውል በቤታ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ መጠኑ ከበዛ ሌላውንም መቀበያ ያንኳኳል። የተክል ኤስትሮጅን ኃይል ከሴቲቱ ሆርሞን እጅግ ያነሰ መሆኑ እርግጥ ነው፤ አነሰ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም።

ይህን በማያሻማ ሁኔታ ያስረዱት የምዕራብ አውስትራሊያ በጎች ናቸው። በ1940ዎቹ በዚያ አገር ገበሬዎች መሬታቸውን ለማዳበርና ከብታቸውን ለማርባት የማገጥ ዝርያ በሰፊው ዘሩ። ማገጡ ለምለም ነበር፤ በጎቹም ጠገቡ። ጥቂት ቆይቶ ግን እንስቶቹ መካን ሆኑ፤ ያረገዙት በምጥ ተሠቃዩ፤ የአንዳንዶቹም ማሕፀን ወጣ። ይባስ ብሎ ሙክቶች ጡታቸው አብጦ ወተት እስከ ማውጣት ደረሱ። ቤኔትስ፣ አንደርውድና ሺየር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1946 ነገሩን ይፋ አደረጉ። በማገጡ ውስጥ የነበረው ፎርሞኖኔቲን የተባለ ንጥረ ነገር በበጎቹ ጨጓራ ውስጥ ወደ ኢኮል ይለወጥ እንደ ነበርና ጉዳቱን ያደረሰው እርሱ እንደ ሆነ ከጊዜ በኋላ ታወቀ። እነዚያ በጎች ሌላ ምግብ ሳይኖራቸው ሌትና ቀን ያንኑ ይበሉ ስለ ነበር፣ ሁኔታቸው በጣቷ ጫፍ ጥቂት ቅባት ከምትቀባ ሴት ጋር በቀጥታ አይመዛዘንም። ሆኖም «ተክል ነውና አይጎዳም» የሚለው አባባል በዚያ መስክ ላይ ለዘለዓለም ወድቋል።

የኢትዮጵያ ገበሬ ይህን ለመረዳት አውስትራሊያ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ኮሶ ከዛፍ የሚለቀም አበባ ነው፤ ነገር ግን የኮሶን ትል የሚያወርድ መጠኑ ሲያልፍ ጠጪውንም እንደሚያወርድ ያላወቀ አዋቂ አልነበረም። እንዶድም ነጠላ ያነጣል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ፣ ያው ተክል ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ። ሸማውን ያነጣውና ቀንድ አውጣውን የገደለው አንድ ተክል ነው። የዚህ ሳይንቲስት ታላቅነት ተክሉን በማድነቅ ብቻ አልተወሰነም፤ መጠኑን ለክቶ፣ ምን እንደሚገድልና ምን እንደማይገድል ለመመርመር ዕድሜውን ሰጠ። «ሲበዛ ማር ይመራል» የሚለው የሕዝብ ብሂልም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ስለ ዕፀዋዊ ኤስትሮጅን ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚደበላለቁ ነገሮች አሉና እነርሱንም መለየት ይጠቅማል። አስቀድሞ፣ መብላትና መቀባት አንድ አይደሉም። ተልባ ሊግናን በተባሉ የዚህ ወገን ንጥረ ነገሮች ከታወቁት እህሎች ሁሉ ግንባር ቀደም ነው። ይሁን እንጂ የተልባው ሊግናን ኤስትሮጅን መሰል ሥራ ወዳለው መልክ የሚለወጠው በአንጀት ውስጥ ባሉ ባክቴሪያዎች አማካይነት ነው። ተልባን ፊት ላይ የሚቀባ ሰው ልስላሴውን ያገኛል፤ ያን ለውጥ የሚያመጣው የአንጀት ሥራ ግን በፊት ላይ የለም። የአኩሪ አተሩን ዳይድዚን ወደ ብርቱው ኢኮል የሚለውጡ ባክቴሪያዎችም በሰው ሁሉ አንጀት ውስጥ አይገኙም፤ በምዕራባውያን ዘንድ ከሦስት ሰው አንዱ፣ በእስያ ከሁለት ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነው ያላቸው። ስለዚህ የጃፓን ሴቶች አኩሪ አተር በመብላት አገኙት የተባለውን ጥቅም ለአንድ ክሬም ምስክር አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይሆንም።

ሁለተኛ፣ በባቄላው ውስጥ ያለው ጄኒስቲን አብዛኛውን ጊዜ ከስኳር ጋር ተጣብቆ ነው የሚገኘው። ስኳሩን የተሸከመው ሞለኪውል በቆዳ በኩል ለመግባት ይከብደዋል፤ ስኳሩ የተለየለት ግን በቀላሉ ይገባል። በመሆኑም ሁለት ብልቃጦች «የአኩሪ አተር ጭማቂ» የሚል አንድ ጽሑፍ ይዘው፣ አንደኛው ከውኃ ብዙ ያልተለየ፣ ሁለተኛው ግን ሥራ የሚሠራ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ስም ያሳስታል። አንዳንድ ሰዎች ጌሾን በእንግሊዝኛ ሆፕ ብለው ይጠሩታል። አውሮፓውያን ለቢራ የሚጠቀሙበት እውነተኛው ሆፕ እስከ ዛሬ ከታወቁት ዕፀዋዊ ኤስትሮጅኖች ሁሉ ብርቱ ከሆኑት አንዱን ይዟል፤ ጌሾ ግን ከሌላ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ተክል ነውና የአንዱን ጠባይ ለሌላው መስጠት አይቻልም። በአብሽ ውስጥ የሚገኘው ዳዮስጀኒንም እንደዚሁ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ራስል ማርከር በ1940ዎቹ ከሜክሲኮ የዱር ቦይና ዳዮስጀኒን አውጥቶ በቤተ ሙከራ ወደ ሆርሞን ለወጠው፤ ኋላ የእርግዝና መከላከያ እንክብል የተሠራበት መንገድም ከዚያ ተከፈተ። የሰው አካል ግን ያን የቤተ ሙከራ ሥራ ራሱ ሊሠራው አይችልም። ስለዚህ ከዱር ቦይና የተሠራ ቅባት በሰውነት ውስጥ ሆርሞን ይሆናል የሚለው ማስታወቂያ የኬሚስቱን ድካም ለተክሉ የሚያወርስ ሐሰት ነው።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ቁም ነገሩ ይቀራል፤ ይኸውም ሥራ የሚሠራው ክሬም ምን ያህል ይሠራል የሚለው ነው። ከተደረጉት ሙከራዎች መካከል በብራዚል ተካሂዶ በ2009 ውጤቱ የወጣው አንዱ ነው። ያረጡ ሴቶች በሁለት ተከፍለው ለ24 ሳምንት ፊታቸውን ተቀቡ፤ አንደኛው ወገን የሴት ሆርሞን የሆነውን ኤስትራዲኦል፣ ሁለተኛው ወገን 4 በመቶ ጄኒስቲን ያለበትን የአኩሪ አተር ቅባት። የማን ምን እንደ ሆነ ቀቢዎቹም መርማሪዎቹም እንዳያውቁ ተደርጎ ነበር። ቆዳቸው ሲመረመር በሁለቱም ወገን መሻሻል ታየ፤ ላይኛው የቆዳ ሽፋን ወፈረ። ሆኖም የሆርሞኑ ወገን ብልጫ ነበረው። ስለዚህ ጥቅሙ ፈጠራ አይደለም፤ የተክሉ ሞለኪውል በእውነት ይሠራል፤ ነገር ግን ከሆርሞኑ ያነሰ ነው፤ ያን ያህል ለመሥራትም ብዙ መጠን ይፈልጋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ቍጥር አንባቢን ቆም ሊያደርገው የሚገባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ደኅንነት ሳይንሳዊ ኮሚቴ በ2022 ባወጣው የመጨረሻ አስተያየቱ፣ በመኳኳያ ውስጥ ጄኒስቲን ከ0.007 በመቶ፣ ዳይድዚን ከ0.02 በመቶ ካልበለጠ ደኅና ነው አለ። ይህ አስተያየት በ2024 ሕግ ሆኖ ወጣ፤ ከየካቲት 2025 ጀምሮ አዲስ ምርት፣ ከኅዳር 2025 ጀምሮ ደግሞ ቀድሞ በገበያ ላይ የነበረው ሁሉ ከዚህ ልክ እንዳያልፍ ተወሰነ። በብራዚሉ ሙከራ ቆዳን ያወፈረው 4 በመቶ ሲሆን፣ ሕጉ የፈቀደው 0.007 በመቶ ነው። አንደኛው የሌላው ከ570 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ይህ ልዩነት የሙከራው ቅባት መርዝ ነበር ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ሙከራው በሐኪሞች ዐይን ሥር፣ ፊት ላይ ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ነው። ሕጉ በአንጻሩ የሚያስበው ስለ ሌላ ዐይነት ሰው ነው። ጧት ሳሙና፣ ከዚያ የፊት ክሬም፣ ከዚያ የገላ ቅባት፣ ማታም ሌላ፣ በየቀኑ፣ ለብዙ ዓመት፣ ማንም ሐኪም ሳያየው የሚቀባን ሰው ነው የሚጠብቀው፤ ከተቀቢዎቹም መካከል ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና የታመመች ሴት እንደሚኖሩ ይገምታል። ስለዚህ ሳይንቲስቶቹ በእንስሳት ላይ ጉዳት ከታየበት መጠን እጅግ ርቀው የጥንቃቄ ወሰን ያሰምራሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቍጥሮቹ አንድ ነገር ያጋልጣሉ። የክሬሙ ሻጭ በሙከራው የታየውን ውጤት ጠርቶ የሚያስታውቅ ከሆነ፣ ወይ በብልቃጡ ውስጥ ያለው መጠን ከሙከራው እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ ያን ውጤት መጥራት አይገባውም፤ ወይም መጠኑ ያን ያህል ከሆነ «ምንም ጉዳት የለውም» ማለት አይገባውም። በአንድ ልጣፍ ላይ ሁለቱንም መጻፍ ግን ከገዥዋ ዕውቀት ማጣት ትርፍ መሰብሰብ ነው።

ነገሩ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንባት ሴትም አለች። ለምሳሌ ያህል፣ የጡት ነቀርሳ ይዟት በቀዶ ጥገና የዳነች፣ ነቀርሳው እንዳይመለስም የኤስትሮጅንን ሥራ የሚያግድ እንክብል በየቀኑ የምትውጥ አንዲት መምህርት ትታሰብ። መድኃኒቱ ያለ ጊዜዋ እንዳረጠች ያህል ቆዳዋን ያደርቀዋል። በመሆኑም «ከሆርሞን ነጻ፣ ከዕፀዋት የተገኘ፣ ላረጠች ሴት» የሚለው ብልቃጥ ለእርስዋ የተጻፈ ደብዳቤ ይመስላታል። እርስዋ የምታውቀው ሆርሞን መሸሽ እንዳለባት ነው፤ ተክል ሆርሞንን ሊመስል እንደሚችል የነገራት የለም። በአሜሪካ 16,608 ሴቶች የተካፈሉበት ታላቅ ሙከራ፣ ኤስትሮጅንን ከፕሮጄስቲን ጋር የሚወስዱ ያረጡ ሴቶች ላይ የጡት ነቀርሳ አደጋ ከፍ ማለቱ ስለ ታየ በሐምሌ 2002 ከጊዜው በፊት ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሴቶች ከሆርሞን ወደ «ተፈጥሯዊው» ፊታቸውን አዞሩ፤ ገበያውም ይህን ፍርሃት ተከትሎ ሄደ።

ለዚች መምህርት ትክክለኛው ምክር ማስፈራራት አይደለም። የአኩሪ አተር ምግብ ጠላቷ አይደለም፤ በቻይና ሻንግሃይ ከጡት ነቀርሳ የዳኑ ከ5,000 በላይ ሴቶችን የተከታተለና በ2009 የታተመ ጥናት፣ አኩሪ አተር የሚበሉት ሴቶች ሞትም ሆነ የነቀርሳው መመለስ ዝቅ ብሎ የታየባቸው መሆኑን አሳይቷል። ሽሮዋን፣ ሽምብራዋን፣ ተልባዋን መተው አይጠበቅባትም። የተጠራቀመና የተጣራ የተክል ኤስትሮጅን ያለበትን ቅባት ግን ሕክምናዋን ለሚከታተለው ሐኪም ሳታሳይ ልትጀምረው አይገባም። የእርስዋ ሐኪም በአንድ በኩል የሚያግደውን እርስዋ በሌላ በኩል በእጅዋ ልታስገባው አይገባምና። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም እንዲሁ ይጠንቀቁ። ማድያት ያለባት ሴት ደግሞ ይህ የፊት ጥቁረት በእርግዝናና በመከላከያ እንክብል ጊዜ የሚብሰው በሆርሞን ምክንያት መሆኑን ብታውቅ፣ ሆርሞን መሰል ቅባት ከመግዛትዋ በፊት ታመነታለች።

ስለ ሕፃናትም አንድ ነገር መባል አለበት። በ2007 በአሜሪካ ላቬንደርና ሻይ ዛፍ ከተባሉ ተክሎች ዘይት ያለባቸውን ሳሙናና ቅባት ይጠቀሙ የነበሩ ሦስት ወንዶች ልጆች ጡታቸው እንዳበጠ፣ መጠቀሙን ሲያቆሙም እንደ ቀነሰ በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ተዘግቧል። ሌሎች ሳይንቲስቶች መደምደሚያውን አጥብቀው ተከራክረውበታል፤ ክርክሩም አልተዘጋም። ሆኖም ለዐዋቂ ሴት የተሠራ ቅባት በሕፃን ገላ ላይ መዋል እንደሌለበት ለመረዳት የክርክሩን ፍጻሜ መጠበቅ አያሻም።

ከዚህ በተቃራኒው የሚቆም ሌላ ስሕተት ደግሞ አለ፤ እርሱም ሁሉን በአንድ ላይ መፍራት ነው። በሕጉ ልክ ውስጥ ያለ የአኩሪ አተር ክሬም ለጤናማ ሴት የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። እንዲያውም በገበያ ላይ ያለው የከፋ አደጋ ሌላ ነው። ፊትን ለማቅላት ተብለው በሚሸጡ፣ በልጣፋቸው ቅጠልና አበባ በተሣለባቸው አንዳንድ ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖን ወይም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ብርቱ ስቴሮይድ ተደብቆ ተገኝቷል። ስቴሮይዱ ቆዳውን በጥቂት ሳምንታት ሲያጠራው ደስ ያሰኛል፤ ሲሰነብት ግን ያሳሳዋል፤ እርጅና በዓመታት የሚሠራውን እርሱ በወራት ይሠራዋል። በቅባቱ ላይ የተሣለው ቅጠል በዚህ ጊዜ ጌጥ ሳይሆን መሸፈኛ ነው።

ቆዳን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረጀውም ፀሐይ መሆኑ በሳይንስ ከታወቀ ቆይቷል። በደጋ አገር፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ፣ የፀሐይ ጨረር ይበረታል። ጥቁር ቆዳ ከነጩ የተሻለ መከላከያ ቢኖረውም ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም። እንግዲህ ጃንጥላው፣ ባርኔጣው፣ በቀትር ጊዜ በራስ ላይ ጣል የሚደረገው ነጠላ፣ የቻለም የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ፣ ከታጠቡ በኋላ ውኃውን በገላ ላይ የሚያቆየው ተራ ቫዝሊን፣ ሁሉም ርካሽና የተፈተኑ የቆዳ ወዳጆች ናቸው። ስማቸው ግን አያምርም፤ ስለ ቫዝሊን ግጥም የሚገጥም ማስታወቂያ የለም።

የሥነ ጥበብ ሰው በዚህ ጉዳይ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ መልሱ እዚህ ላይ ይገኛል። ብልቃጡ ውስጥ ያለውን የሠራው ኬሚስት ነው፤ በብልቃጡ ላይ ያለውን የሠራው ግን ሠዓሊና ጸሐፊ ነው። ለምለሙን ቅጠል፣ የጠዋቱን ጤዛ፣ ዕድሜ ያልነካውን ፊት የሣለ እጅ አለ፤ «ንጹሕ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ «ከእናት ምድር» የሚሉትን ቃላት የመረጠ ብዕር አለ። እነዚህ ቃላት በሕዝብ ዘንድ የተወደዱት በራሳቸው አይደለም። የአያቶች መድኃኒት፣ የጓሮ ጤና አዳም፣ የእናት እጅ ናቸው ያስወደዱአቸው። ያን በስንት ትውልድ የተጠራቀመ እምነት ለአንድ ሸቀጥ ማሻሻጫ ማድረግ የቋንቋን ሀብት መዝረፍ ነው። አያቶች ኮሶውን ሲሰጡ መጠኑን ይናገሩ ነበርና፤ ብልቃጡ ግን የአያቶችን ስም ወስዶ መጠኑን ይተዋል።

ሐቀኛ ልጣፍ ሊጻፍ ይችላል። የተክሉን ስም ብቻ ሳይሆን የንጥረ ነገሩን ስምና ከመቶ ስንት እንደ ሆነ ይናገራል፤ ማን ሊቀባው እንደማይገባ ይገልጻል፤ «በጥናት ተረጋግጧል» ሲል በስንት መጠን እንደ ተረጋገጠ ይጨምራል። በኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው፣ የውበት መጠበቂያዎችንም በቁጥጥሩ ሥር አድርጓል። ሆኖም ሕግ በወረቀት ላይ ያለውን ጆሮ የሚያሰማው ሕዝቡ ራሱ መጠየቅ ሲጀምር ነው። የኬሚስትሪ መምህሩ በክፍል ውስጥ ከመቶ ስንት የሚለውን ስሌት ሲያስተምር የጨውን ውኃ ብቻ ምሳሌ ከማድረግ፣ ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ያመጡትን የብልቃጥ ልጣፍ ቢያስነብባቸው፣ ዕውቀቱ በዚያው ምሽት ወደ እናቶች ይደርሳል። የሴቶች ማኅበራት አስተባባሪውም በስብሰባው ላይ አንዲት ነርስ ጋብዞ ስለ ማረጥ በግልጽ እንድትናገር ቢያደርግ፣ ሴቶች በኀፍረት ተደብቀው ከሻጭ የሚጠይቁትን በአደባባይ ከባለሙያ ይጠይቃሉ።

ተክሉ ምንም አልዋሸም። ማገጡ ለምለም፣ አኩሪ አተሩ ፍሬያማ፣ ተልባው ለስላሳ ሆኖ እንደ ተፈጥሮው ይበቅላል፤ በውስጡ ያለውንም ኃይል ለራሱ ሥራ ያውለዋል። ሰው ያን ኃይል ወስዶ ለሴት ቆዳ መጽናኛ ሊያደርገው መሞከሩ የሚነቀፍ አይደለም፤ ጥናቶቹም ሙከራው ከንቱ እንዳልሆነ መስክረዋል። የሚነቀፈው ኃይሉን ሲሸጡ ማስታወቅ፣ ልኩን ሲጠየቁ መደበቅ ነው። ስለዚህ በብልቃጥ ላይ ከዕፀዋት የተገኘ የሚል ቃል ያነበበች ሴት ሁሉ፣ ከዚያ ቃል ቀጥሎ ሁለት ጥያቄ የመጠየቅ መብት አላት፤ ምንድን ነው? ስንትስ ነው? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ያለው ብልቃጥ ይግዛ ያለው ይግዛው፤ መልስ የሌለው ግን፣ የተሣለበት ቅጠል ቢለመልምም፣ በመደርደሪያው ላይ ይቆይ።